ብሩናይ ጫካዋን ለምን ታውሳለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም በእህል ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ፣ ሲንጋፖር ወታደሮቿን ብሩናይ ጫካ ውስጥ ታሠለጥናለች ብላ አጫወተችኝ። የባዕድ ጦር አገር ውስጥ ሲመላለስ ብሩናይ አትሰጋም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሁለቱም ትንንሽ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ናቸው። ሲንጋፖር በሕዝብ ብዛት ብሩናይን ከአሥር እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ስፋቷ ግን 730 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሕንፃና ወደብ ሞልቶት ጦር የሚሠለጥንበት ሰፊ ጫካ የላትም። ብሩናይ 5,765 ካሬ ኪሎ ሜትር አላት፤ አብዛኛውም ደን ነው። ሥልጠናው የሚካሄደው ቴምቡሮንግ በሚባለው ወረዳ ነው።

ያቀራረባቸው የደረሰባቸው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ማሌዥያ ስትመሠረት ብሩናይ አልገባም አለች፤ ሲንጋፖር ገብታ በ1965 ወጣች። ሁለቱም በትልልቅ ጎረቤቶች መካከል ለብቻቸው ቀሩ። በ1967 ገንዘባቸው አንድ ለአንድ እንዲመነዘር ተስማሙ። ማሌዥያም በውሉ ነበረች፤ በ1973 ለቀቀች። ሁለቱ ግን ጸንተው 50ኛ ዓመቱን በ2017 የ50 ዶላር የመታሰቢያ ኖት አውጥተው አከበሩ። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ የሌላ አገር ገንዘብ እንደራስ ገንዘብ መቀበል ምን ያህል መተማመን እንደሚጠይቅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ቢቡኝ ሳድግ ከብቶቻችን በክረምት የሚግጡት ከወንዝ ማዶ ባለው የጎረቤታችን መስክ ነበር። እሱም በተራው በእኛ በሬዎች ያርስ ነበር። አጥሩ በፈረሰ ቁጥር ማልዶ እሾህ ቆርጦ የሚጠግነው አባቴ ነው፤ መሬቱ የእኛ ስላልሆነ የበለጠ ይጠነቀቅ ነበር። ሲንጋፖርም ቴምቡሮንግ ውስጥ እንግዳ መሆኗን አትረሳም። ብትረሳው የምታጣው ጫካ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ብሩናይም ደጇን ክፍት አድርጋ አልተኛችም። በ1962 ዓመፅ ተነሥቶባት በእንግሊዝ ጦር ነው ያበረደችው። ዛሬም ሰሪያ በምትባል ከተማ ጉርካ የሚባሉ፣ ከኔፓል የሚመለመሉ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር አለ፤ ወጪውን የሚሸፍነው የብሩናይ ገዥ ሱልጣኑ ነው። ለአንዱ ጫካ ስትሰጥ ሌላውን በር ላይ ያቆመች አገር ናት። እኔ ይህን ፍርሃት አልለውም፤ አስተዋይነት ነው።

ልጅዎ ካርታ ካላት ቴምቡሮንግን አብራችሁ ፈልጉት። የማሌዥያ መሬት መሐል ገብቶ ከቀሪው ብሩናይ እንደቆረጠው ታያላችሁ። በ2020 በባሕሩ ላይ ድልድይ እስኪከፈት ድረስ፣ የአገሩ ሰው እንኳ በመኪና ወደዚያ ለመሄድ የማሌዥያን ድንበር ይሻገር ነበር።