ዜሮ አልገባም ያለው ሱፐርኮንዳክተር

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ዜሮ የሚሆን የዋይቢሲኦ ሴራሚክ (ሱፐርኮንዳክተር) ቁራጭ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክሬ በመልቲሜትር ስለካው 0.4 ኦም ያሳየኛል። ዜሮ መሆን አልነበረበትም? ናሙናው ተበላሽቶ ይሆን? ቀጥሎ በጣም ስስ ፊልሞች ላይ ልሠራ አስቤ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ናሙናውን እንዳትጥዪው። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካኪያቸው። 0.3 ምናምን ካነበበ፣ እስካሁን የለካሽው ሽቦሽን ነው። የቀረው የንክኪው ነው። መለኪያ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኛው ችግራቸው እዚሁ ላይ ነው።

ቅዝቃዜውን አትጠርጥሪ። ዋይቢሲኦ ሲቀዘቅዝ ገና ከ90 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ትንሽ ከፍ ብሎ ሳለ ነው ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው። ናይትሮጅን በባሕር ጠለል በ77 ኬልቪን ይፈላል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 75 ይወርዳል።

አራት ሽቦ ተጠቀሚ። ናሙናው ላይ በሲልቨር ፔስት (ከረንት በሚያሳልፍ የብር ማጣበቂያ) አራት ነጥብ በመስመር አስይዢ። በዳርና ዳር ባሉት 100 ሚሊአምፒር ላኪ፤ ቮልቴጁን ከመሃሎቹ አንብቢ። ቮልትሜትሩ የሚስበው ከረንት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ የሽቦውና የንክኪው ሬዚስታንስ ንባቡን አይነካም። ያኔም ጥቂት ማይክሮቮልት ብታዪ አትደንግጪ። የሽቦው አንዱ ጫፍ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ሌላው ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ሽቦው ራሱ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ከረንቱን ገልብጠሽ ደግመሽ ለኪ፤ የሁለቱን ንባብ ልዩነት ለሁለት አካፍዪ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ሳይገለበጥ የተለካ ዜሮ አላምንም።

መስኮት ክፈቺ፤ ናይትሮጅኑንም ጥብቅ አድርገሽ አትክደኚ።

ስስ ፊልም ላይ ነገሩ ይከብዳል። እዚያ የሚጠናው ለውጥ በማሞቅና በማቀዝቀዝ የሚመጣ አይደለም። ሙቀቱ ወደ ፍጹም ዜሮ ተጠግቶ ሳለ ውፍረቱን፣ የማግኔት መስኩን ወይም የጌት ቮልቴጁን (ፊልሙን ሳይነካ በአጠገቡ ባለ ኤሌክትሮድ የሚሰጠውን) ስትቀይሪ ፊልሙ ከሱፐርኮንዳክተር ከረንት ወደማያሳልፍ ኢንሱሌተር ይገለበጣል። ኳንተም ፌዝ ትራንዚሽን የሚሉት ይህን ነው። በ1989 የታተመው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቢስመዝ ሙከራ የሁለቱን ድንበር በካሬ (አንድ ካሬ የፊልም ቁራጭ ባለው ሬዚስታንስ) 6.45 ኪሎኦም አካባቢ አገኘው።

አንዳንድ ፊልሞች ላይ ግን ቅዝቃዜው የቱንም ያህል ቢጨምር ሬዚስታንሱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። አዲስ የሜታል ዓይነት ነው ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል። በ2019 የታተመ ሥራ፣ በመለኪያ ሽቦዎቹ በኩል የሚገባው የሬዲዮ ሞገድ በፊልተር ሲዘጋ ይህ ቀሪ ሬዚስታንስ እንደሚጠፋ በኢንዲየም ኦክሳይድና በኒዮቢየም ዳይሴሌናይድ ፊልሞች አሳየ። አራት ኪሎ ደግሞ የስልክ አንቴናው ብዛት ታውቂዋለሽ። ፊልሙን ከማሰብሽ በፊት ለፊልተርና ለሺልድ ኬብል ገንዘብ መድቢ።

ለጊዜው ግን የዋይቢሲኦውን ጨርሺ። ከረንቱን ከመገልበጥሽ በፊትና በኋላ ያነበብሽውን ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።