ፓይተኑ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ ማገዶውን እወቂ

እህቴ፣ በጂኦግራፊ ተመርቀሽ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሠራ የካርታ ሥራ) በደንብ እንደምትሠሪ፣ አሜሪካ ውስጥ በሰደድ እሳትና በመሬት አያያዝ ሥራ መቀጠር እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ «ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልማር ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል?» ነው። እኔ ለጊዜው ሁለቱንም አቆዪ ባይ ነኝ። «ጂአይኤስ እችላለሁ» የሚል ማመልከቻ ሞልቷል። የጠፋው ካርታው የሳተበትን ቦታ ለይቶ የሚያርም ሰው ነው።

ላንድፋየር የሚባለውን የአሜሪካ የዕፅዋትና የማገዶ (እሳቱን የሚመግበውን ሁሉ እንዲህ ልበለውና) የካርታ መረጃ አውርጂ፤ ነጻ ነው፣ አገሩን በሙሉ ይሸፍናል። አንዱ ፒክስል (የካርታው ትንሿ ካሬ) 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። እስቲ አስቢው፦ 900 ካሬ ሜትር ላይ ያለ ሣር፣ ቁጥቋጦና የወደቀ ግንድ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቀለላል። ቁጥሩ የማገዶውን ዓይነት ይናገራል፦ በ2005 በወጣው የ40 የማገዶ ሞዴሎች ምደባ 102 ማለት የደረቅ አካባቢ ስስ ሣር ነው፤ 145 ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። ካርታው 102 ያለውን ቦታ ሄደሽ ስታዪው ቁጥቋጦ ወርሶት ካገኘሽ፣ በዚያ ቁጥር የተሠራው የእሳት ስሌት ከመነሻው ተበላሽቷል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ዕፅዋትና ማገዶ አንድ አይደሉም። ሁለት የጥድ ደኖች በዕፅዋት ካርታው ላይ ቀለማቸው አንድ ነው እንበል። አንደኛው በቅርቡ ሆን ተብሎ በቁጥጥር ተቃጥሎ ሥሩ ጸድቷል። በሌላው ግን የረገፈው ቅጠል ተከምሯል፣ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እሳቱ እሱን መሰላል አድርጎ አናቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የዛፉ ቅጠል ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር የሚያሳየውን የላንድፋየር ንብርብር (ለብቻው የተዘጋጀ ካርታ) ሳታዪ አትለፊ። መረጃው ከተዘጋጀ በኋላ የተቃጠለውንና የተመነጠረውንም ካርታው አያውቀውም።

እንግዲህ የምታውቂውን አንድ አካባቢ ምረጪ። ሜትር ይዘሽ ውጪ፣ የረገፈውን ቅጠል ጥልቀት ለኪ፣ ፎቶ አንሺ። የሳቱትን ፒክስሎች አርመሽ ፍላምማፕ በተባለው ነጻ የእሳት ስሌት ፕሮግራም፣ ንፋሱንና እርጥበቱን ሳትቀይሪ፣ ስሌቱን አንዴ ባልታረመው፣ አንዴ በታረመው ካርታ አስኪጂው። የነበልባሉ ርዝመት ምን ያህል እንደተለወጠ በሁለት ገጽ ጻፊ።

ስለ ቅጥሩ፣ የፌዴራል ቋሚ ሥራዎች በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ። ወረቀትሽ ገና ከሆነ የስቴት መሥሪያ ቤቶችን፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችንና አማካሪ ኩባንያዎችን አስቀድሚ። ሁለቱን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ማመልከቻሽን ከዚያው ተነሥተን እንጽፈዋለን።