አደባባያችን ላይ ምን እናቁም?

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) አባላት፣ ወጣቶችና ጥቂት ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተን በመንደራችን መግቢያ በሚገኘው አነስተኛ አደባባይ ላይ ሐውልት ልናቆም ተስማምተናል፤ ከማዘጋጃ ቤትም በጎ ምላሽ አግኝተናል። ያልተስማማነው በሚቆመው ነገር ላይ ነው። ኮሚቴው ትልቅ ጀበና ይሁን ይላል፤ ወጣቶቹ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ይፈልጋሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን «እኛን የሚመስል ይሁን» ከማለት በቀር ቅርጹን አልነገሩንም። ከሁሉ የበለጠ መዋጮ ያደረጉት ነጋዴ ደግሞ የድርጅታቸው ስም በጉልህ እንዲጻፍ ጠይቀዋል። በአደባባይ የሚቆም የጥበብ ሥራ የአካባቢውን ሰው እሴት መግለጹን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሽማግሌዎቻችሁ ቅርጽ ሳይጠቅሱ «እኛን የሚመስል» ማለታቸው ሐሳብ አጥተው አይመስለኝም። ከቅርጹ በፊት መመለስ ያለበትን ጥያቄ ነው ያስቀደሙት። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በአደባባይ የሚቆም ሥራ የአንድን ማኅበረሰብ እሴት የሚገልጸው በመልኩ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳዘዘው፣ ማንን እንደሚያስብ፣ በየትኛው መሬት ላይ እንደቆመና ከሁሉም በላይ ከቆመ በኋላ ሰዎች በዙሪያው በሚያደርጉት ነገር ነው።

ይህን ለማስረዳት ከኮንሶ ብጀምር እመርጣለሁ። ዋካ የሚባሉት ከእንጨት የሚቀረጹ የኮንሶ መታሰቢያዎች የሚቆሙት ጀግንነት የፈጸመ ወይም በወገኖቹ ዘንድ የተከበረ ሰው ሲሞት ነው። የሟቹ ምስል ለብቻው አይቆምም፤ እርሱ መሐል ላይ ሆኖ ሚስቶቹ ከአጠገቡ ይደረደራሉ፣ የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎችም አብረው ይቀረጻሉ፣ ያፈራው የእርሻ መሬት ብዛት ደግሞ ከፊቱ በሚቀመጡ ድንጋዮች ይታወቃል። ኮንሶዎች ደረቁንና ዳገታማውን ምድራቸውን ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን እየገነቡ ያረሱ ሕዝብ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ማሳ ከጀብዱ ጎን መቆጠሩ አያስገርመውም። በዚያ ምድር መሬትን ከጎርፍ አድኖ ለልጅ ማስተላለፍ ራሱ ጀግንነት ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ጽሑፍ ማንበብ ሳያስፈልግ በመንገድ የሚያልፍ እረኛ ሁሉ ከዋካው ፊት ቆሞ ሊረዳው ይችላል። በከተሞቻቸው ውስጥ ሞራ በሚባለው የመሰብሰቢያ ስፍራ የሚተከለው ምሰሶም እንዲሁ ነው። አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለተከታዩ ባስረከበ ቁጥር አዲስ ምሰሶ ስለሚጨመር፣ ምሰሶዎቹን የቆጠረ ሰው የከተማውን ዕድሜ በትውልድ ይቆጥራል። ምሰሶው የቆመው ሽማግሌዎች በሚመክሩበት፣ ልጆች በሚጫወቱበትና ዳኝነት በሚሰጥበት ቦታ እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው።

ከኮንሶ የሚያሳዝነውንም መማር አለብን። ዋካዎች ከቆሙበት እየተነቀሉ ለጎብኚዎችና ለነጋዴዎች ተሽጠዋል፤ ከስርቆት የተረፉና የተመለሱ ሥራዎችም በካራት በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ እንጨቱን ከሌባና ከዝናብ አድኖታል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ከመቃብሩና ከማሳው የተለየ ዋካ የማን አባት እንደነበረ ለማወቅ የሌላ ሰው ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልምጣ፤ በዚያ ደግሞ ሕዝብ አንድን ሐውልት የራሱ ሲያደርገውና ሳያደርገው ምን እንደሚመስል ይታያል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1955 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። የባዕድ እጅ የሠራው ስለሆነ የእኛ አይደለም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የነሐስ ቅርጾቹ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች በከተማው ነዋሪ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ ስለሚያሳዩ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ የሚታዩት ተራ ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱም አርበኞችና የሟቾች ወገኖች የአበባ ጉንጉን ይዘው ይመጣሉ። ቀራፂው ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ምን ተነግሮት ሠራ የሚለው እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሐውልት ነበር፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። ወራሪው ሐውልቱን ያነሣው ከሥሩ የሚቆመው ሰው ዓድዋን እንደሚያስብ ስለሚያውቅ ነው፤ የካቲት 23 ቀን በዚያ ሲሰበሰብ የኖረውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለከተማ ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስም የብዙ ሰው ጥያቄ «በቦታው ይመለሳል ወይ?» የሚል ነበር። ለአርበኞች የቆሙትና በፋሺስት ጥይት የወደቁት አባት መታሰቢያ ሌላ ቦታ ቢቆም ምስሉ ያው ነው፤ ሕዝቡ ግን መሬቱንም የመታሰቢያው አካል አድርጎ ይቆጥረው ስለነበር ሰጋ።

በተቃራኒው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቅቀው በወጡ በቀናት ውስጥ ተነሣ። በዚያው ሥርዓት ዘመን፣ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀውና በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ግን እስከ ዛሬ አለ። ሁለቱንም ያቆመው አንድ መንግሥት ነው። ልዩነቱ፣ በእኔ እምነት፣ የትግላችን ሐውልት በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የሚያስብ በመሆኑ፣ ከርዕዮቱ ሥር የእናቶች ሐዘን ስላለበት ነው። ሌኒንን በአዲስ አበባ የሚያለቅስለት ቤተሰብ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ጀበና እንመለስ። ጀበና ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ከተሞቻችን አደባባይ ላይ ስለቆመ፣ ደሴን ከሌላው ለይቶ የሚናገር ነገር እንዲኖረው ከተፈለገ በወሎ ቡና እንዴት እንደሚጠጣ መታሰብ አለበት። እናንተ ዘንድ ቡና ጎረቤት ሳይጠራ አይፈላም፤ ከአቦል እስከ በረካ ምርቃትና ዱዓ ይደረግበታል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ አሜን ይላል። በአደባባዩ ላይ ብቻውን የቆመ የሲሚንቶ ጀበና ከዚህ ሁሉ ዕቃውን ብቻ ወስዶ ሰዎቹን ትቷቸዋል። ከጀበናው ይልቅ በዙሪያው የሚቀመጡትን ሰዎች ብትቀርጹ፣ ወይም ጭራሽ ምስል ትታችሁ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ክብ የድንጋይ መቀመጫ ብትሠሩ ለሽማግሌዎቹ ቃል የቀረባችሁ ይመስለኛል። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ ስለሆነ የቅሬያችሁን ሴቶች ጠይቁ፤ ቡናውን የሚያፈሉት፣ ለቅሶ ቤት የሚውሉትና የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በደብዳቤዎ ውስጥ የሴቶችን አስተያየት አላየሁም።

ፈረሰኛውን ጀግና በተመለከተ ወጣቶቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ ማን ነው? ስሙን ከነገሯችሁ፣ ታሪኩንም ከሰፈራችሁ ጋር የሚያገናኝ ነገር ካለ ሐሳቡ ይጠና። ስም የሌለው ፈረሰኛ ከሆነ ግን ከሌላ ከተማ አደባባይ የታየ ነገር መድገም ይሆናል። በሰፈራችሁ ለሰው ሁሉ የደረሰች አዋላጅ ወይም የተጣላ ያስታረቀ አበጋር በፈረስ ላይ ባይቀመጡም፣ እነርሱን የሚያውቃቸው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

የነጋዴውን ጥያቄ በአክብሮት መመለስ ይገባል፤ ገንዘባቸውን ሰጥተዋልና። በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናታችን የግድግዳ ሥዕሎች ላይ፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ወይም ተንበርክኮ፣ በትንሹ ተስሎ፣ ስሙም ከአጠገቡ ተጽፎ ይገኛል። ስሙ አልተሰረዘም፣ ነገር ግን ከተሠራለት ነገር በላይ አልወጣም። ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ እንዳታውቅ የሚለው ትምህርት በወንጌልም በሐዲስም መገኘቱን በሁለቱም እምነት የሚኖረው የሰፈራችሁ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የለጋሾቹ ስም ሁሉ፣ አሥር ብር ካዋጣው ጀምሮ፣ በአንድ መጠን ፊደል በሐውልቱ ግርጌ ቢጻፍ፣ የድርጅት ማስታወቂያ ግን ባይገባ እመክራለሁ። ሐውልቱ የእርስ በርስ መተሳሰብን እንዲገልጽ ፈልጋችሁ የአንዱን ስም ከሌሎቹ ብታገንኑ፣ የሚነበበው ቅርጹ ሳይሆን ስሙ ይሆናል።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። መሐሉ በመኪና የተከበበ አደባባይ ላይ የሚቆም ሥራ ለአሽከርካሪ እንጂ ለእግረኛ አይሆንም፤ ማንም መንገድ ተሻግሮ ከሥሩ አይቀመጥም፣ ልጅም አይነካውም። ማዘጋጃ ቤቱ ከፈቀደላችሁ ከአደባባዩ ዳር፣ ጥላ ባለበት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል። ሁለተኛው፣ ከሰበሰባችሁት ገንዘብ የተወሰነውን ለእንክብካቤ አስቀሩ፤ ቀለሙ በሁለት ክረምት የሚረግፍ ሲሚንቶ ከመሥራት በአካባቢያችሁ ድንጋይ፣ በአካባቢያችሁ ጠራቢ እጅ ማሠራት ወጪው ቢበልጥም ዕድሜው ይረዝማል። ንድፉንም ከመጽደቁ በፊት በቅሬው ስብሰባ ላይ በትንሽ ሞዴል አሳዩና ሰው ሲስቅም ሲቆጣም አድምጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በእስራኤል ነው። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ለሞቱት ወገኖቻችን የተሠራውን መታሰቢያ ልጄን ይዤ አየሁ። እዚህ የተወለደችው ልጄ «ለምን እኛን በጎጆ ብቻ ያሳዩናል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅሽ ጥያቄ ከባድና ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለማስረሳት አትሞክሪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀው ያ መታሰቢያ ጎጆዎቹን ያቆመው የቤተ እስራኤል ሰው እንዲህ ብቻ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ጉዞው የተጀመረበትን ቤት ለማሳየት ነው ብዬ አምናለሁ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ ብዙዎቹ መቃብራቸው እንኳን አይታወቅም። መቃብር ለሌለው ሰው ትቶት የወጣው ቤት በመታሰቢያነት መቆሙ ለወላጆችሽ ትውልድ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ቄሶቹና ቤተሰቦች በዚያ ሲሰበሰቡ የሚያለቅሱት ለጎጆው አይደለም።

ለልጅሽ ግን ይህ በቂ አይደለም፤ እርሷ ከዚያ ጎጆ አልወጣችም። አንድ መታሰቢያ የአንድ ትውልድን ሐዘን በታማኝነት ከተናገረ ሥራውን ሠርቷል፤ የሚቀጥለውን ትውልድ ሕይወት እንዲናገር መጠየቅ ከአቅሙ በላይ ነው። እርሷና እኩዮቿ የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የሚናገሩትን ሁለት ቋንቋ፣ በሰልፍ ያሰሙትን አቤቱታና ለስግድ በዓል ጃንጥላ ይዘው የሚወጡትን አያቶቻቸውን የሚያሳይ ሥራ በራሳቸው መንደር ግድግዳ ላይ እንዲኖር መጠየቅ መብታቸው ነው። መጀመሪያ ግን በእግራቸው ከተጓዙት የቤተሰባችሁ ሽማግሌዎች ዘንድ ወስደሽ ያዩትን ይንገሯት፣ እርሷም ትጻፈው፤ ከከተማው አስተዳደር ጋር ስለ ግድግዳው ስትነጋገሩ ሠዓሊው የሚነሣበት ያ ጽሑፍ ይሆናልና።