ዊንዶው 7 ይቆይ፣ 10 ይጫን ወይስ 11?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አቱቴ ነው የምኖረው። ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ የሁለት ሱቆችንና የአንድ ዳቦ ቤት መዝገብ ቤቴ ሆኜ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም እይዛለሁ። አንዳንድ የአማርኛ ደብዳቤም በፓወር ግዕዝ እጽፋለሁ። ላፕቶፔ ያገለገለ የገዛሁት ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው፤ ኮር አይ5፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ 320 ጂቢ። ያለው ዊንዶው 7 ነው። ክሮም ስከፍት «ይህ ቨርዥን አርጅቷል» የሚል ጽሑፍ ያመጣብኛል፣ አንዳንዱ ገጽ ጭራሽ አይከፍትልኝም። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ እሱም በዚሁ ላፕቶፕ ከቴሌግራም ፒዲኤፍ እያወረደ ያጠናል። ወንድሜ 11ን ላስጭንልሽ ይለኛል። ኮምፒውተር የሚሠራልን ልጅ 10 ይበቃሻል ይላል። ጎረቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ በዊንዶው ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ካልሆነ ይላል። ሦስቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩኝ፤ እኔ ግን ግራ ገባኝ። ከሁሉ በላይ የምፈራው የደንበኞቼ ሒሳብ እንዳይጠፋብኝ ነው። የቱን ላስጭን?

የማታ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአቱቴ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ስለ ዊንዶው ይጠይቅ እንጂ ጭንቀትዎ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ የሰው ሒሳብ። እኔም ከዚያው ልነሳ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ጥገና ሱቅ ውስጥ ስሠራ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ዊንዶው ልታስቀይር ላፕቶፗን አመጣች። «ዳታሽ የት ነው?» አልኳት። «ሁሉም ዲ ላይ ነው» አለችኝ። ዊንዶው ያለበትን የዲስክ ክፍል፣ ሲን፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ ጫንኩላት። ማታ ልትወስድ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ዴስክቶፕ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳይጠፋባት ብላ ዓይኗ ሥር፣ ዴስክቶፕ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። ዴስክቶፕ ደግሞ ሲ ውስጥ ነው። በዳታ መመለሻ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ፈልጌ የተቆራረጡ ገጾች ብቻ አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሷ ያለችውን ከማመን ይልቅ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንቱን፣ ዳውንሎዱን ሳንገለብጥ አንድም ማሽን ፎርማት አድርጌ አላውቅም።

ፒችትሪም ሲጫን ሌላ ቦታ ካልመረጡለት የድርጅቶቹን ዳታ የሚያስቀምጠው ሲ ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ላፕቶፑን ከመንካቱ በፊት ሱቆቹንና ዳቦ ቤቱን አንድ በአንድ ይክፈቱና ከፋይል ሜኑ ባክአፕ ያድርጉ። ለእያንዳንዱ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል አንድ ፋይል ይወጣል፤ የድርጅቱን ስምና ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉበት። ሁለት ፍላሽ ላይ ይገልብጡት፤ አንዱ ከቤት ወጥቶ ወንድምዎ ጋ ይቀመጥ። ቀጥሎ ፒችትሪ ያለበት የሚያምኑት ሰው ኮምፒውተር ላይ አንዱን ሪስቶር አድርገው፣ ማለትም ባክአፑን መልሰው አስገብተው፣ ይክፈቱት። የዳቦ ቤቱ የዱቄት ግዢ እስከ ትናንት ድረስ ካለ እሰየው፤ አይተው ሲጨርሱ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያጥፉት። የፒችትሪውን ዓመት ልብ ይበሉ፦ የኋለኛው ቨርዥን የቀደመውን ዳታ ይከፍታል፣ የቀደመው ግን የኋለኛውን አይከፍትም። መጫኛውና ሲሪያል ቁጥሩም በእጅዎ ይሁን። ዊንዶው ከተቀየረ በኋላ የፒችትሪ ሲዲ ፍለጋ የሚዞር ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኢ6430 በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው። ኮምፒውተር የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ቢሉ አይ5 ብሎ፣ ሰረዝ አድርጎ፣ አራት አሃዝ ያሳይዎታል። በዚህ ሞዴል ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው 3320 ነው። የመጀመሪያዋ 3 ትውልዱን ትናገራለች፤ ሦስተኛ ትውልድ። ዊንዶው 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የእርስዎ ላፕቶፕ ያለው የድሮው 1.2 ነው።

ወንድምዎ ግን አልተሳሳቱም፤ መጫን ይቻላል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ሲዘጋጅ ያንን ፍተሻ እንዲዘለው ማድረግ ይቻላል፤ እኔም ሞክሬው ይነሳል። ችግሩ የሚመጣው ከተነሳ በኋላ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው አዲሱ ቨርዥን እንዲህ ላለ ማሽን በራሱ አይመጣለትም፣ እንደገና በእጅ መጫን ይኖርበታል። ማይክሮሶፍትም መስፈርቱን ያላሟላ ኮምፒውተር ማሻሻያ ማግኘቱ ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። ለመሞከሪያ ማሽን ምንም አይደለም። የሦስት ነጋዴ መዝገብ የያዘ ማሽን ላይ ግን አልጭነውም።

7 ላይ መቆየትም አያዋጣም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመለት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክሮምም በ2015 ዓ.ም. ከቨርዥን 109 በኋላ ለ7 መሥራቱን አቁሟል፤ «አርጅቷል» የሚልዎት ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ኮምፒውተሩን በመጥረግ ወይም በጸረ ቫይረስ ማዳን አይቻልም።

ስለዚህ የሚሠራልዎት ልጅ እንዳለው፣ ለእርስዎ ሥራ 10፤ ባለ64 ቢቱ፣ የመጨረሻው ቨርዥን 22ኤች2። የ10ም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተመዘገበ ተጠቃሚ የተራዘመውም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ለምን 10ን እመክራለሁ? ፒችትሪ ዊንዶው ይፈልጋል፤ ይህ ላፕቶፕ ሳይቸገር ከሚሸከማቸው ዊንዶዎች መካከል ደግሞ የዘመኑን ክሮም የሚቀበለው 10 ነው። የዊንዶው የራሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርም የቫይረስ ዝርዝሩን በፈረንጅ እስከ ጥቅምት 2028 እያደሰ ይቆያል። ይህ ግን የዊንዶውን የራሱን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ስለዚህ 10 የሒሳብ መሥሪያዎ ብቻ ይሁን። ባንክዎን በስልክዎ ይጨርሱ፣ የማያውቁትን ፋይል እዚያ ላይ አይክፈቱ።

አንድ ነገር አደራ። ሃርድ ዲስኩን ሳይቀይሩ 10ን አያስጭኑ። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ 10 ሲነሳ ምን እንደሚመስል በየቀኑ አያለሁ፦ ታስክ ማናጀሩን ሲከፍቱት ዲስክ የሚለው ዓምድ 100 ላይ ተቸንክሯል፣ የዲስኳ መብራት ሳትጠፋ ትበራለች፣ አይጡ ይንቀሳቀሳል ግን ክሊክ ያደረጉት ሁሉ አይከፈትም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ፒችትሪ ገና መስኮቱን እየሳለ ነው። ሰው ይህን አይቶ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል» ይላል። ፕሮሰሰሩ አልደከመም፤ የሚጠብቀው ዲስኩን ነው። ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ 256 ጂቢ፣ ይግዙለት፤ ከሥር ብሎን ተፈትቶ የአሮጌው ቦታ ላይ ይገባል። ሁለተኛ ገንዘብ ከተረፈ አንድ 4 ጂቢ ራም ይጨምሩ። የላፕቶፕ ዲዲአር3 ይበሉ፤ ዲዲአር4 ቢሰጡዎት ማስገቢያው አይቀበለውም። አቅምዎ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ኤስኤስዲው ይቅደም። አሮጌውን 320 ጂቢ አይደምስሱት፤ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የረሱት ፋይል ቢኖር እዚያ ይገኛል።

አሁን የጎረቤትዎን ተማሪ ምክር እንስማ፤ እሱም ጥሩ ተናግሯል። ይህ ላፕቶፕ እኮ ሁለት ጌታ ነው ያለው። እርስዎ የሰው ሒሳብ ይይዙበታል፤ ልጅዎ ከቴሌግራም ያወርድበታል፣ የጓደኞቹን ፍላሽ ይሰካበታል። ሁለቱ በአንድ ዊንዶው ውስጥ መኖራቸው ከቨርዥኑ ቁጥር በላይ ያስፈራኛል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ እንዲህ ካለ ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ ኤስኤስዲው ላይ መጀመሪያ ዊንዶው 10፣ ቀጥሎ ከጎኑ ሊኑክስ ሚንት ይጫን፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ላፕቶፑ ሲበራ የትኛው ይነሳ ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁ ሚንትን፣ እርስዎ ዊንዶውን ይመርጣሉ። ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው፤ ማሻሻያው በፈረንጅ እስከ 2029፣ በእኛ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል። 4 ጂቢ ራም ይበቃዋል። ፋየርፎክስ፣ ቴሌግራም፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ሊብሬኦፊስ፣ ለአንድ ተማሪ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፤ ለዊንዶው የተጻፈው የሾርትከት ቫይረስም እዚያ አይነሳም።

ተማሪው ከመጫኑ በፊት ሚንትን ከፍላሽ ላይ ብቻ ያስነሳው። ዲስኩ ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የስክሪኑ ብርሃን መሥራቱን ያያል። ከዊንዶው በኩል ደግሞ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን ያጥፋው፤ እሱ በርቶ እያለ ዊንዶው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ያጣላቸዋል። ሚንት ውስጥ ሆኖ የዊንዶውን ክፍልፍል መክፈት ይቻላል፤ ልጅዎን «የእናትህ ሒሳብ ነው፣ አትንካው» ይበሉት።

ሁሉንም ሊኑክስ እናድርገው ቢልዎት እምቢ ይበሉ። ፒችትሪ የዊንዶው ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ በማስመሰያ ፕሮግራም አስነስቼ የሰውን ግብር አላሰላም። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። በነገራችን ላይ ድሮ የጻፏቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም መሣሪያ በሚያነበው የጋራ የፊደል ኮድ፣ ካልሆኑ ፎንታቸው የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚታዩት። ሰው ይህን ሲያይ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለውና ያጠፋዋል። አልተበላሸም። ሲ ላይ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ገብተው የግዕዝ ፎንቶቹን ከባክአፑ ጋር ይገልብጡ፤ አዲሱ ላይ ሲጭኗቸው ጽሑፉ ይመለሳል። ከእንግዲህ የሚጽፉትን ግን በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ስልክም ላይ፣ ሚንትም ላይ ያለ ችግር ይነበባል።

የሚጭንልዎት ሰው «ላይት» የሚባል የተቀነሰ ዊንዶው 10 ይዞ ቢመጣ አይቀበሉት። ቀላል የሆነው ማሻሻያውና ዲፌንደሩ ተቆርጠው ስለወጡ ነው፤ ማን እንደቆረጠው፣ በምትኩ ምን እንደጨመረ አይታወቅም። ዊንዶውን ያለ ፈቃድ የሚያነቃው አክቲቬተርም ያው ነው። አብዛኛው «መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ የሰው ሒሳብ ያለበት ቤት ያ በር አይከፈትም። ድሮ ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈው የዊንዶው 7 ቁልፍ 10ን ያነቃ ነበር፤ ማይክሮሶፍት መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ያንን ዘግቶታል። ፈቃዱን እስኪገዙ ድረስ 10 ሳይነቃም ይሠራል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ ጀርባውንና ቀለሙን ከሴቲንግ አያስቀይርም፣ ፒችትሪን ግን አይከለክልም።

የሚጫንበትን ቀን በተመለከተ፦ የዚህ ዕድሜ ላፕቶፕ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ጭነቱ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ተመሳሳይ ባትሪ ይዋሱ ወይም ጀነሬተር ያለበት ቦታ ያስጭኑ። የወር መዝጊያና የግብር ማስታወቂያ ሳምንት አይሁን። ከተጫነ በኋላ በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ ኔትወርኩን «ሜተርድ» (ፍጆታው የሚቆጠር) ያድርጉት፤ አለዚያ ማሻሻያው ጥቅልዎን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ፒችትሪ አልነሳ ካለ አይደንግጡ፤ ከሥሩ የሚሠራው ፐርቫሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ መነሳቱን ያስፈትሹ፣ እኔ ያጋጠመኝ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሪስቶር እንዳደረጉም የእያንዳንዱን ድርጅት ትራያል ባላንስ ከድሮው ህትመት ጋር ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ኮር አይ5-8250ዩ ነው፣ ራሙ 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲም አለው። ዊንዶው 11 ልጭን ስል «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ይለኛል። ሱቅ ወስጄው ቲፒኤም የለውም ተባልኩ። ልሽጠው እንዴ?

መልስ፦ እንዳትሸጠው ወንድሜ! 8250 ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ ዊንዶው 11 ይቀበለዋል። ቲፒኤሙም ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ፤ ባዮስ ላይ፣ ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ላይ፣ ጠፍቶ ነው። ሲበራ ባዮስ ግባና ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ፒቲቲ ወይም ቲፒኤም የሚለውን ፈልገህ አብራው። ያ ብቻ ካልበቃ፣ ዊንዶውህ የተጫነው በድሮው በሌጋሲ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሱቅ እንዲያ ነው የሚጭነው። ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ከዚያ ዊንዶው 10 ውስጥ ያለው ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባለው መሣሪያ ዲስኩን ሳይደመስስ አከፋፈሉን ወደ አዲሱ ዓይነት ይቀይርልሃል። ቀጥለህ ባዮሱን ከሌጋሲ ወደ አዲሱ የአነሳስ መንገድ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ፣ አዙረው፣ ሴኩር ቡትን አብራና እንደገና ሞክር።