«ዲቱዲ አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?»

ጠያቂያችን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ተማሪ ናት። ቴሲሷ ስልኮች ታወሩን ሳያልፉ በቀጥታ ሲገናኙ፣ ማለትም በዲቱዲ፣ የሚፈጠረውን ኢንተርፈረንስ (የሲግናል መረባበሽ) ስለመቆጣጠር ነው። «ፕሮፖዛሌ ጸድቋል፣ ሲሙሌሽንም ጀምሬያለሁ። ግን አገራችን ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ጓደኞቼ ሳይበር ሴኩሪቲ ይዘዋል። ርዕስ ልቀይር?» ትላለች።

እህቴ፣ አትቀይሪ። እዚህ ደርሶ ርዕስ መቀየር ሴሚስተር ማቃጠል ነው። ሳይበር ሴኩሪቲን ከልብሽ ከወደድሽው ሌላ ጉዳይ፤ ጓደኞችሽ ስለያዙት ብቻ ከሆነ ግን ተይው።

ስጋትሽ መሠረት የለውም አልልም። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው ስሪ ጂፒፒ ቀጥታ ግንኙነቱን በሪሊዝ (እትም) 12 ወደ ኤልቲኢ፣ ማለትም ወደ 4ጂ፣ አስገባው፣ በሪሊዝ 16 ደግሞ ወደ 5ጂ። ያም ሆኖ በውጭ አገርም የተገፋው ይበልጥ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞችና ለመኪኖች እርስ በርስ ግንኙነት ነው። «የዲቱዲ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እየጠበቅሽ ከሆነ ብዙ ትጠብቂያለሽ።

ቀጣሪ የሚፈልገው ኢንተርፈረንስ የሚገባውን ሰው ነው። አንቺ ደግሞ እሱን ነው እየሠራሽ ያለሽው። በቀጥታ የሚገናኙት ጥንድ ስልኮች የሌላ ደንበኛን የአፕሊንክ ሪሶርስ ብሎክ (ስልኩ ወደ ታወሩ የሚልክበትን የፍሪኩዌንሲ ድርሻ) ሲጋሩ ሁለት ቦታ ችግር ይመጣል። የላኪው ስልክ ታወሩን ይረብሻል፤ ደንበኛው ደግሞ የተቀባዩን ስልክ ይረብሻል። ስለዚህ ከታወሩ ራቅ ያሉትን ጥንዶች ትመርጫለሽ፣ ከተቀባዩ ከራቀ ደንበኛ ጋር ታጋሪያቸዋለሽ፣ ፓወራቸውንም ትቀንሻለሽ። ኢንተርቪው ላይ የኤችአር ሰው ካለ «የእድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ እያወራ ከጎንሽ ካለችው ጋር እንደ ማንሾካሾክ ነው» በዪው። ቴክኒካል ሰው ከሆነ ግን ቀመሩን አውጪ። ምሳሌ ሲበዛበት ይሰለቻል፣ አንዳንዴም ይጠረጥርሻል።

አሁን ሲቪሽን እንየው። «ቴሲስ፦ በዲቱዲ የሪሶርስ አመዳደብ» ብለሽ ከተውሽው ማንም አያነበውም። ይልቅ «በማትላብ የሴል ሲሙሌተር ሠርቻለሁ፤ ፓወር በመቆጣጠርና በሃንጋሪያን አልጎሪዝም ጥንዶችን በመመደብ የነባር ደንበኞችን ኤስአይኤንአር ከተቀመጠው ገደብ በታች ሳላወርድ የሴሉን ፍጥነት አሻሽያለሁ» በይ። (ሴል ታወሩ የሚሸፍነው አካባቢ ነው፤ ኤስአይኤንአር ደግሞ ሲግናሉ ከረብሻው አንጻር ያለው ጥራት።) በምን ያህል እንደተሻሻለ የራስሽን ውጤት ጨምሪበት። ንጽጽርሽ ግን ከዘፈቀደ ምደባ ጋር ብቻ አይሁን። እሱን ማንም ያሸንፈዋል፤ ፈታኙም ያውቃል።

አንድ የሚጎድልሽ ነገር አለ፦ የመስክ ልኬት። ጂ-ኔትትራክ የሚባለውን የኔትወርክ መለኪያ አፕ አንድሮይድ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ፣ ዶርሙ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን፣ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር በይ። አርኤስአርፒው (የሲግናሉ ጥንካሬ) -80 ዲቢኤም አካባቢ ሆኖ ኤስአይኤንአሩ ወደ ዜሮ የተጠጋበት ቦታ ፈልጊ። «ኔትወርኩ ሙሉ ነው ግን አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ የጎረቤት ሴሎች ግን ይረብሹታል። ከዚያ እስከ ጅማ መርካቶ ያለውን መንገድ በባጃጅ ሆነሽ ለኪና ካርታ ላይ አውጪው። ድራይቭ ቴስት የሚሉት በትንሹ ይኸው ነው።

የት ታመለክቺያለሽ? የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም የሬዲዮ ኦፕቲማይዜሽን (የኔትወርክ ጥራት ማሻሻያ) ክፍሎች አሉ። እንደ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢና ኖኪያ ያሉ ዕቃ አቅራቢዎችን፣ ከእነሱ ሥር የሚሠሩ ኮንትራክተሮችንም አትርሺ፤ ብዙ ጀማሪ የሚገባው በኮንትራክተር በኩል ነው። ተማሪዎች የሚዘነጉት ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሬዲዮ ስፔክትረም (የፍሪኩዌንሲ ሀብት) ማስተዳደር የእሱ ሥራ ነው።

ብዙው ቅጥር አዲስ አበባ ላይ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን የልኬት ካርታሽን ይዘሽ መጀመሪያ እዚያው ጅማ ወዳለው የቴሌ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ሥራ ስጡኝ አትበይ። ካርታውን አሳዪና «ይህ ቦታ ላይ ምን ይመስላችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። አድቫይዘርሽ የትብብር ደብዳቤ ቢጽፍልሽ በሩ ላይ ብዙ አትጉላዪም።