«ከ»፣ «ወደ» እና «ለ»፦ በሽብር የተጠረጠረን ሰው ከአገር ስለማስወጣት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የተማሪዎች የክርክር ክበብ አለን። ለቀጣዩ ክርክር የመረጥነው ርእስ «የአገር ሉዓላዊነት ይበልጣል ወይስ ሰብአዊ መብት? የተጠረጠሩ አሸባሪዎችን ከአገር ስለማባረር» ይላል። ርእሱን ገና ስንለጥፈው ጭቅጭቅ ተነሣ። የሥነ ዜጋ መምህሩ «ማባረር» ሳይሆን «ማስወጣት» ይባል አሉ። አንድ ተማሪ ደግሞ ሬዲዮ ላይ «አሳልፎ መስጠት» ሲባል ሰምቻለሁ አለ። «ሉዓላዊ» እና «ሰብአዊ» በየትኛው «አ» እንደሚጻፉም አልተስማማንም። ቢያብራሩልን።

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀላሉን ላስቀድም። «ሉዓላዊ» በዐይኑ «ዓ» ይጻፋል። ግንዱ «ለዐለ» የሚለው ግእዝ ነው፤ ከፍ አለ ማለት ነው። «ልዑል»ም «ልዕልና»ም ከዚያው የወጡ ናቸው። «ሰብአዊ» ግን በአልፋው «አ» ነው፤ «ሰብእ» ሰው ማለት ነውና። «ሰብዓዊ» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ሰብዓ» የሚለውን ቁጥር ጠራችሁ፤ ሰባ ዓመት የሞላው መብት ዓይነት ነገር ይመጣል። ጋዜጦችም በየጊዜው ይሳሳቱታልና ተማሪዎቹን ብዙ አይውቀሷቸው።

አሁን ወደ ግሶቹ እንሂድ። የትኛው ትክክል ነው ከማለታችን በፊት እያንዳንዱ ግስ ምን እንደሚያስከትል ልብ ይበሉ። «አባረረ» የሚለው «ከ»ን ካገኘ ይበቃዋል። «ከአገር አባረሩት» ብለን ነጥብ እናደርጋለን። ሰውየው ወዴት ሄደ? ግሱ አይጠይቅም። «አስወጣ»ም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ቁጣ የለበትም። «መለሰ» ግን «ወደ»ን ይፈልጋል፦ «ወደ አገሩ መለሱት»። «አሳልፎ ሰጠ» ደግሞ ያለ «ለ» ይንጠለጠላል፤ ለማን? ብለን እንጠይቃለን።

እኔን ከጠየቁኝ የክርክራችሁ ግማሹ እነዚህ ሦስት ትንንሽ ቃላት («ከ»፣ «ወደ»፣ «ለ») ውስጥ አለ። የሉዓላዊነት ጠበቃ የሚናገረው በ«ከ» ነው። አገሬ ነው፤ የማላምነውን የውጭ ሰው ከአገሬ አስወጣለሁ ይላል። ይህን ማንም አይነቅፈውም። የውጭ ዜጋን ማስገባትና ማስወጣት የመንግሥት ሥልጣን መሆኑን ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ራሱ በየውሳኔው ይጽፈዋል። የሰብአዊ መብት ጠበቃ ግን የሚመጣው በ«ወደ» ነው። ወዴት ነው የምትልከው? እዚያ ሲደርስ ምን ያደርጉታል?

ካራምጂት ሲንግ ቻሃል የሚባል ሕንዳዊ፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነበር፤ ኑሮው እንግሊዝ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ለብሔራዊ ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ሊያስወጣው ወሰነ፤ አሰረውም። ጉዳዩ ሲጓተት ከስድስት ዓመት በላይ ታስሮ ቆየ። በኖቬምበር 1996 የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት 12 ለ7 በሆነ ድምፅ፣ ወደ ሕንድ ቢላክ ማሰቃየት እንዳይደርስበት በእውነት ያሰጋል፣ ስለዚህ መላኩ የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት 3ኛ አንቀጽ ይጥሳል አለ። እንግሊዝ ያቀረበችው ክርክር ቀላል አልነበረም። የሰውየው አደገኛነት በአንድ በኩል፣ የሚያሰጋው ስቃይ በሌላ በኩል ተደርጎ ይመዘን ነው ያለችው። ዳኞቹ ይህ የሚመዘን ነገር አይደለም አሉ። አደገኛም ቢሆን ሰው ወደ ስቃይ አይላክም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን አንድ ቱኒዚያዊ ልታስወጣ ስትል እንግሊዝ በሦስተኛ ወገንነት ገብታ ያንኑ ክርክር እንደገና አነሣች። ያን ጊዜ ደግሞ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አልተቀበሏትም።

እንግዲህ ይዩት። ፍርድ ቤቱ «ከእንግሊዝ አይወጣም» አላለም። «ወደዚያ አይላክም» ነው ያለው። ሰውየው የማይሰቃይበት ሌላ ተቀባይ አገር ቢገኝ ፍርዱ መንገድ አይዘጋም። ሬዲዮኑ ግን «ፍርድ ቤቱ ተጠርጣሪው እንዳይባረር አገደ» ይላል። «ወደ» ወደቀች፤ ከእሷ ጋር ነገሩ ሁሉ ወደቀ።

የተማሪው «አሳልፎ መስጠት» ሌላ ሥራ ነው። ይህ እንዲባል አንድ ሌላ መንግሥት «ልከሰው ነው» ወይም «ፈርጄበታለሁና ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጠያቂ ከሌለ አሳልፎ መስጠት የለም፤ ያለው ማስወጣት ነው። የእኛም የወንጀል ሕግ በ21ኛው አንቀጹ ይህን ያነሣል። ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ አይሰጥም፤ እዚሁ ይዳኛል። የውጭ ዜጋ ግን በሕጉ መሠረት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሬዲዮ ላይ ቃሉን ስትሰሙ «ማን ጠየቀ?» በሉ። መልስ ካጣችሁ ጋዜጠኛው ቃል ተሳስቷል።

አንድ ግስ ደግሞ ሁላችሁም ረስታችኋል፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላው ወረድ ብትሉ የምትሰሙትን። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ «ልጃቸው ተጠርዞ መጣ» ይባላል። ወጣቶቹ «ዲፖርት ሆነ» ይሉታል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ቃሉ በየቤቱ ገባ። እነዚያ ልጆች የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ያልነበራቸው ሠራተኞች ናቸው እንጂ በሽብር የተጠረጠሩ አይደሉም፤ እንዳይደባለቅባችሁ። እኔን የገረመኝ ሰዋስዉ ነው። «ተጠረዘ» አብዛኛውን ጊዜ «መጣ»ን አስከትሎ ነው የሚሰማው። ተናጋሪው የቆመው በተቀባዩ በኩል ነው፤ ሰውየው ሲደርስ ያየዋል። «አባረረ» የሚለው ሰው ግን የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው።

በርእሳችሁ ላይ ከግሱ ይልቅ እኔን የቆረቆረኝ «የተጠረጠሩ አሸባሪዎች» ነው። አማርኛው እንዲህ እያለ ነው፦ አሸባሪነታቸው ያለቀለት ነገር ነው፤ የተጠረጠሩት በሌላ ነው፣ ምናልባት በመንዝ በግ ስርቆት። «በሽብር ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች» በሉ። ይረዝማል፤ ይርዘም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን እንኳ እዚህ ላይ ቃል አልቆጠበም። 19ኛው አንቀጽ ስለተያዙ ሰዎች ነው፣ 20ኛው ስለተከሰሱ፣ 21ኛው ደግሞ በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ። መያዝ ሌላ፣ መከሰስ ሌላ፣ መፈረድ ሌላ ነው። ተጠርጣሪ ገና ከመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ያለ ሰው ነው።

ተረታችን እንደሆነ ለጠርጣሪ ያደላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» እንላለን። እውነት ነው፤ የደኅንነት መሥሪያ ቤት የትም አገር በዚህ ተረት ነው የሚኖረው፣ እንዲኖርም እንፈልጋለን። ግን ተረቱ ምክር የሚሰጠው ለጠርጣሪው ነው። ስለ ተጠርጣሪው አንድም ቃል አይልም። ስለ እሱ የሚናገረው ሕጉ ነው።

አቡ ቀታዳ በሚል ስም የሚታወቀውን የዮርዳኖስ ሰው ተማሪዎቹ ቢያነሡት ጥሩ ነው፤ እንግሊዝ ለዓመታት ልታስወጣው የታገለችው ነው። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2012 ከለከላት። ምክንያቱ እሱ ራሱ ይሰቃያል የሚል አልነበረም። በዮርዳኖስ በሚቆመው ችሎት ሌሎች ሰዎች ተሰቃይተው የሰጡት ቃል ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል የሚል ነው። ሁለቱ መንግሥታት ከዚያ በኋላ ይህን የሚመለከት ውል ተዋዋሉ፤ ሰውየውም በጁላይ 2013 ተላከ። በ2014 የዮርዳኖስ ፍርድ ቤት ከቀረበበት የሽብር ክስ በነፃ አሰናበተው። ያን ሁሉ ዓመት «አሸባሪው» እያሉ ሲጽፉ የነበሩ ጋዜጦች ቃሉን ምን እንዳደረጉት አላውቅም። መንግሥት ግን የፈለገውን አገኘ፤ ያገኘውም የ«ወደ»ን ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ የሉዓላዊነት ወገን የሆኑት ልጆች ባዶ እጃቸውን እንዳይቆሙ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በ33ኛው አንቀጽ ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት መመለስ ይከለክላል። የዚያው አንቀጽ ሁለተኛ ቁጥር ደግሞ ለተጠለለበት አገር ደኅንነት ያሰጋል ተብሎ በቂ ምክንያት ያለበትን ሰው ከዚህ ጥበቃ ያስወጣዋል። ይኸው በር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ሰውን ወደ ስቃይ መላክን በሚከለክለው 3ኛ አንቀጹ እንዲህ ያለ በር የለውም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ገብታበታለች፤ በሕገ መንግሥቱ 9ኛ አንቀጽ መሠረት ደግሞ ያጸደቅነው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ልዩ በሆነ ሁኔታ ወደ ስቃይ መላክም ሊፈቀድ ይችል ይሆናል የምትል ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ብዙ ተተችቶበታል። እነዚህን ይዘው ቢገቡ ክርክሩ ይጦፋል።

ከዚሁ ጋር የምትነሣ፣ እኔን ሁልጊዜ የምታናድደኝ ቃል አለች፦ «የዲፕሎማሲ ዋስትና»። ላኪው መንግሥት ተቀባዩን «አታሰቃየውም አይደል?» ይለዋል። ተቀባዩ «አላሰቃየውም» ብሎ ይጽፋል። ይህን ነው ዋስትና የምንለው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን «ዋሱ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋስ ሦስተኛ ሰው ነው። ተበዳሪ ለራሱ ዋስ ሆኖ አያውቅም፤ ዳኛ ፊት ዋስ ጥራ ሲባል «እኔው ነኝ» የሚል የለም። እዚህ ግን ቃል ሰጪውም ዋሱም አንድ መንግሥት ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ አንድ ግብፃዊ እንዲህ ያለ ቃል ተቀብላ ወደ ካይሮ ላከችው። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ በ2005 ስዊድን ስምምነቱን ጥሳለች አለ፤ ቃሉን የሚያስፈጽም ዘዴ እንዳልነበረም ጠቅሶ። ስለዚህ «የጽሑፍ ማረጋገጫ» ወይም በቀላሉ «የመንግሥት ቃል» በሉት። ነፃ ታዛቢ እስር ቤት ገብቶ የሚያይበት ስምምነት ካለ ያን ጊዜ ዋስ የሚመስል ነገር መጣ፤ «ዋስትና» ብትሉት አልጣላችሁም።

«ሉዓላዊነት»ም ከግሱ ጋር ነው የሚታወቀው። መብት ይጣሳል፤ ሉዓላዊነት ይደፈራል። «ተደፈረ» ስንል ከውጭ የመጣ፣ ድንበር የረገጠ ሰው ይታየናል። የሰላሌም የቡልጋም ሽማግሌ ስለ ጣሊያን ወረራ ሲያወራ በዚህ ግስ ነው። እና አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «የውጭ ፍርድ ቤት ሉዓላዊነታችንን ደፈረ» ሲል የወረራን ግስ ተውሶ ለዳኛ አለበሰው ማለት ነው። እንግሊዝን የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት አልወረራትም። ስምምነቱን ካረቀቁትና አስቀድመው ከፈረሙት አንዷ ራሷ ናት። ውል የገባ ሰው ውሉ ሲጠየቅ ተደፈርኩ አይልም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1923 ሄግ የነበረው ቋሚ የዓለም ፍርድ ቤት ዊምብልደን በተባለችው መርከብ ጉዳይ ተናግሮታል፤ ዓለም አቀፍ ግዴታ ውስጥ መግባት መቻል ራሱ የሉዓላዊነት መገለጫ ነው ብሎ። ከሩቅ ለምን እንሄዳለን? አንኮበር ላይ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል። የተዋዋሉት ንጉሥ ስለሆኑ ነው። ጭሰኛ ከእንግሊዝ ጋር ውል አይፈራረምም።

በሌላ በኩል «ከውሉ መውጣት እንችላለን» የሚል ተማሪ ከተነሣ አትከልክሉት። ይችላል፤ ይህም ሉዓላዊነት ነው። እስካልወጣ ድረስ ግን «ተደፈርን» ሳይሆን «ውሉ ከበደን» ይበል። አማርኛውም ክርክሩም ይቃናለታል።

የቀረው «ይበልጣል ወይስ» ነው። ከትምህርትና ከሀብት የቱ ይበልጣል እያልን ያደግንበት የክርክር ፎርሙላ ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ ጭብጨባም ያመጣል። ለዚህ ጉዳይ ግን አይመችም። «ይበልጣል» ሁለቱን ነገሮች አንድ ልኬት ላይ ያቆማቸዋል፤ ዳኞቹ እኮ እንቢ ያሉት ይህንኑ መመዘን ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦ «በሽብር ወንጀል የተጠረጠረን የውጭ ዜጋ ስቃይ ወደሚያሰጋው አገር መላክ ለመንግሥት ሊፈቀድለት ይገባል ወይስ አይገባም?» «ከ» የለችም፤ የመውጣቱ ነገር ስላላከራከረ። «ወደ» ግን አለች። «ሊፈቀድለት ይገባል» ማለቴም የሕጉን ይዘት ብቻ እንዳያነብቡ ነው፤ ሕጉ መለወጥ አለበት የሚለውም ቦታ እንዲያገኝ። የሥነ ዜጋ መምህሩን «ማስወጣት»ን በክርክሩ መሐል እንደ ልብዎ ይጠቀሙ በሏቸው፤ ልክ ናቸው። «ማባረር»ን ለስሜት የሚጠቀም ተማሪ ካለ ግን ሌላው ወገን «ወዴት?» ብሎ እንዲያቋርጠው ፍቀዱለት።