የይለፍ ቃል ሲቀየር ዲስኩ ለምን እንደ አዲስ አይመሰጠርም?

ጠያቂያችን፣ ሙሉ ዲስኩ በሉክስ (ኡቡንቱን በመሳሰሉ የሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ላይ ዲስክን የሚመሰጥር ዘዴ) በተመሰጠረ የኡቡንቱ ላፕቶፕ ላይ የይለፍ ቃላቸውን ሲቀይሩ ሥራው በጥቂት ሰከንዶች መጠናቀቁን ጠቅሰው፣ 500 ጊጋባይት መረጃ በዚህ ፍጥነት ዳግም ሊመሰጠር ስለማይችል ምስጠራው የይስሙላ እንዳይሆን መስጋታቸውን ጽፈዋል። ምስጠራው እውነተኛ ነው፤ የተቀየረው ግን መረጃው የተመሰጠረበት ቁልፍ አይደለም።

መረጃው የሚመሰጠረው ኡቡንቱ ሲጫን በዘፈቀደ በሚፈጠር ዋና ቁልፍ ሲሆን፣ ይህ ቁልፍ ራሱ በይለፍ ቃሉ አማካይነት ተቆልፎ በተመሰጠረው የዲስክ ክፍል (ክፍልፍል) መጀመሪያ ላይ ባለ፣ ሄደር በሚባል ትንሽ ቦታ ውስጥ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ሳይመሰጠር ከቀረው ትንሽ የቡት (የማስነሻ) ክፍል የሚጫነው ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ፣ ሄደሩ ውስጥ ከተቀመጠ የዘፈቀደ ቁጥር ጋር በማዋሐድ፣ ሆን ተብሎ እንዲዘገይና ብዙ ሚሞሪ እንዲፈጅ በተደረገ ስሌት ውስጥ ያሳልፈዋል። ስንከፍት የምንጠብቃት የአንድ ሁለት ሰከንድ ቆይታ ከዚህ የመጣች ናት፤ እኛን አትጎዳንም፣ ሚሊዮን ጊዜ ለሚገምት ሌባ ግን ፈተና ናት። የስሌቱ ውጤት ዋናውን ቁልፍ ይፈታል፤ ቁልፉም ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ የስርዓተ ክወናው እምብርት ለሆነው ከርነል ይሰጣል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደተመሰጠረ ይቆያል፤ የሚፈታው በሚነበብበት ጊዜ፣ ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በዚያ ሰዓት ገና ስለማይነሡ የይለፍ ቃሉን በላቲን ፊደል ማድረግ ይመረጣል።)

እንግዲህ የይለፍ ቃል መቀየር ማለት ያንኑ ዋና ቁልፍ በአዲስ ቃል ቆልፎ ማስቀመጥ ማለት ብቻ ነው። በሉክስ ሁለተኛው ስሪት እስከ 32 የሚደርሱ የቁልፍ ማስቀመጫዎች ስላሉ ለአንድ ዲስክ ከአንድ በላይ የይለፍ ቃል መስጠትም ይቻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሄደሩ ነው። ለጥገና ከመጡልኝ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ሌላ ስርዓተ ክወና ለመጫን ሲሞከር የክፍልፍሉ መጀመሪያ ተደምስሶ ነበር፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን በሚገባ ያስታውስ ነበር፣ ሆኖም ቃሉ የሚፈታው ቁልፍ ስለጠፋ መረጃውን ማትረፍ አልተቻለም። የሉክስ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የሆነው ክሪፕትሴታፕ የሄደሩን ቅጂ ወደ ፋይል ስለሚያወጣ፣ ይህን ቅጂ ከላፕቶፑ ውጭ ማስቀመጥን አጥብቄ እመክራለሁ።

ይሁንና የቀድሞው የይለፍ ቃል ሰው እጅ ገብቶ ከሆነ፣ የድሮውን የሄደር ቅጂ የያዘ ሰው በዚያው ቃል ዋናውን ቁልፍ ሊፈታ ይችላል። ያኔ ዋናውን ቁልፍ ቀይሮ ዲስኩን በሙሉ እንደ አዲስ መመስጠር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ፣ ጠያቂያችን እንደገመቱት፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።